የዶሜይን ስምና የኢ-ሜይል ሰርቨር አደረጃጀት ለአይፈለጌ መልዕክት መከላከያ

በአዲስ አበባ ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መገናኛ፣ ከሃያ ሁለት ማዞሪያ እስከ ጎሮና ሲኤምሲ በተዘረጋው የከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል የጉዞ ወኪሎች፣ ሆቴሎች፣ ቡናና የቅባት እህል ላኪዎች፣ አስመጪዎችና ትራንዚተሮች በብዛት ይገኛሉ። ከውጭ ደንበኞቻቸው ጋር ፕሮፎርማ የሚለዋወጡት፣ የሆቴል አልጋ የሚያስይዙት፣ የጭነት ሰነድ ረቂቅ የሚያርሙትና የባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚያሳውቁት በአብዛኛው በኢ-ሜይል ነው።

በዚህ የሥራ ግንኙነት ላይ ሁለት ዓይነት ጉዳት ሊደርስ ይችላል። የመጀመሪያው ድርጅቱ በትክክል የላከው ደብዳቤ በደንበኛው ዘንድ ከአይፈለጌ መልዕክት ተቆጥሮ ሳይነበብ መቅረቱ ነው። ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ ድርጅቱ ያልላከው ደብዳቤ በስሙ ለደንበኛው ደርሶ እንደ እውነተኛ መታመኑ ነው። የሁለቱም ጉዳቶች አንድ ዋነኛ ምክንያት ተቀባዩ ሰርቨር የላኪውን ማንነት የሚያመሳክርበት መዝገብ የተሟላ አለመሆኑ ነው። መዝገቡን የማሟላት ሥልጣንም ሆነ ኃላፊነት የዶሜይኑ ባለቤት ነው።

የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ስለ እ.ኤ.አ. 2023 ባወጣው ሪፖርት በሥራ ኢ-ሜይል አማካይነት በተፈጸሙ ማጭበርበሮች በዚያ ዓመት ብቻ ወደ 2 ነጥብ 9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሣራ እንደደረሰ አቤቱታ መቅረቡን ገልጿል። በመሆኑም ጉዳዩ ለኮምፒውተር ባለሙያው ብቻ የሚተው ሳይሆን የድርጅቱን ገንዘብና ስም የሚመለከት ነው።

ኢ-ሜይል ላኪውን የማይጠይቅበት ምክንያት

ኢ-ሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፍበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ሥርዓት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በዚያን ጊዜ በመረቡ የሚገናኙት ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ስለነበሩ ሥርዓቱ የላኪውን ማንነት የሚያጣራበት መንገድ አልተበጀለትም። የመጀመሪያው አይፈለጌ መልዕክት የሚባለው ማስታወቂያ ግን ከዚያም አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1978 አንድ የኮምፒውተር ሻጭ ኩባንያ ሠራተኛ በአርፓኔት መረብ ለነበሩ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች የላከው ነበር።

ነገሩን በፖስታ መመሰል ይቻላል። ማንም ሰው በፖስታው ጀርባ ላይ የፈለገውን ድርጅት ስምና የፖስታ ሣጥን ቁጥር ጽፎ ደብዳቤውን መላክ ይችላል። ፖስታ ቤቱ የተቀባዩን አድራሻ እንጂ የላኪውን እውነተኛነት አይመረምርም። በኢ-ሜይልም እንዲሁ በፖስታው ላይ የሚጻፈው የላኪ አድራሻና በደብዳቤው ራስጌ ላይ አንባቢው የሚያየው የላኪ አድራሻ የተለያዩ ናቸው። ሁለቱንም የሚጽፈው ላኪው ራሱ ነው።

ይህ ዓይነቱ ክፍተት የሚያስከትለውን አደጋ የሚያሳይ ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ አንድ ጉዳይ አለ። የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ባቀረበው ክስ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2008 አጭበርባሪዎች የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በኒው ዮርክ ሲቲባንክ ከነበረው ሒሳብ ከ27 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዘዋውረዋል። ትዕዛዞቹ የተላኩት በፋክስ ሲሆን፣ አስቀድሞም የኃላፊዎችን ስምና ፊርማ የያዙ የተጭበረበሩ ሰነዶች ለባንኩ ደርሰው ነበር። ማረጋገጫ የተጠየቀባቸው የስልክ ቁጥሮችም ከእነዚያው ሰነዶች የተገኙ ነበሩ።

የተጠቀሰው ጉዳይ በፋክስ የተፈጸመ ቢሆንም ትምህርቱ ለኢ-ሜይልም ያገለግላል። ማረጋገጫ ጨርሶ አልተጠየቀም አይባልም፤ የተጠየቀው ግን አታላዩ ራሱ ካቀረበው መዝገብ ነበር። ፊርማ ዋጋ የሚኖረው አታላዩ ሊጽፍበት በማይችል ሌላ መዝገብ ሲመሳከር ነው። ለኢ-ሜይል ይህን አገልግሎት የሚሰጠው የዶሜይን ስም ሥርዓት ወይም ዲኤንኤስ ነው።

የዶሜይን ስም መዝገብ በኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አማካይነት በስልክ መደወያ መልዕክቶችን እያጠራቀመ በሚያስተላልፍ መረብ መሰጠት ጀምሮ ነበር። የኢትዮጵያ መለያ የሆነው «ዶት ኢቲ» እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለም አቀፉ መዝገብ ሰፈረ። ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት በወቅቱ በነበረው የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት የጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ኮርፖሬሽኑ በኅዳር 2003 ዓ.ም. በኢትዮ ቴሌኮም ከተተካ ወዲህ መለያውን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

በዚህ መለያ ሥር ለንግድ ድርጅቶች «ኮም ዶት ኢቲ»፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች «ጎቭ ዶት ኢቲ»፣ ለትምህርት ተቋማት «ኢዱ ዶት ኢቲ»፣ ለማኅበራትና ለመሰል ድርጅቶች ደግሞ «ኦርግ ዶት ኢቲ» የተሰኙ ክፍሎች አሉ። ድርጅቱ ዶሜይኑን በዚህ መለያም ሆነ በውጭ አገር መዝጋቢ ዘንድ ቢያስመዘግብ የሚከተሉት ቅንብሮች አንድ ዓይነት ናቸው። ሰርቨሩ በድርጅቱ ቢሮ፣ በጎሮ አካባቢ በሚገኘው አይሲቲ ፓርክ በተቋቋሙ የመረጃ ማዕከላት ወይም በውጭ አገር መቀመጡም ልዩነት አያመጣም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊረጋገጥ የሚገባው ዶሜይኑ በማን ስም እንደተመዘገበ ነው። ድረ ገጹን በሠራው ባለሙያ የግል ስም የተመዘገበ ዶሜይን ባለሙያው ሥራ ሲለቅ ወይም የዕድሳት ጊዜው ሲያልፍ ለድርጅቱ አስቸጋሪ ይሆናል። በመሆኑም ምዝገባው በድርጅቱ ስም መሆኑ፣ የይለፍ ቃሉም በኃላፊነት በተመደበ ሰው እጅ መኖሩ ሊረጋገጥ ይገባል።

ሦስቱ ዋና መዝገቦች

ማንኛውም ደብዳቤ የሚቀበል ዶሜይን ኤምኤክስ የተሰኘ መዝገብ አለው። ይህ መዝገብ ለድርጅቱ የሚመጣ ደብዳቤ በየትኛው ሰርቨር በኩል እንደሚገባ ያመለክታል። ከድርጅቱ የሚወጣውን ደብዳቤ የሚያረጋግጡት ግን ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ በመባል የሚታወቁት ሦስት መዝገቦች ናቸው። ሦስቱም በዲኤንኤስ ውስጥ እንደ ተራ የጽሑፍ መዝገብ የሚገቡ ሲሆኑ ለራሳቸው የተለየ ክፍያ አይጠይቁም።

ኤስፒኤፍ በድርጅቱ ስም ደብዳቤ እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች የሚዘረዝር ነው። መዝገቡ በሥሪቱ መለያ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የተፈቀዱት አድራሻዎች ይሰፍራሉ፤ በመጨረሻም ለቀሩት ሁሉ የሚሰጠው ፍርድ «ኦል» በሚል ቃል ይጻፋል። ከቃሉ በፊት የመቀነስ ምልክት ከገባ «ከተዘረዘሩት ውጭ ያለው ሁሉ አልተፈቀደለትም» ማለት ነው። የሞገድ ምልክት ከገባ ደግሞ «ያጠራጥራል» የሚል ይሆናል። የመደመር ምልክት ማስገባት ለዓለም ሁሉ ፈቃድ መስጠት ስለሆነ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

በኤስፒኤፍ አዘገጃጀት ሦስት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው ለአንድ ዶሜይን ሁለት የኤስፒኤፍ መዝገቦችን ማስገባት ነው፤ በዚህ ጊዜ ተቀባዩ ሁለቱንም ዋጋ ያሳጣቸዋል። ሁለተኛው መዝገቡ ወደ ሌሎች መዝገቦች የሚመራባቸው ጥሪዎች ከ10 መብለጣቸው ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ማረጋገጡ ይከሽፋል። ሦስተኛው በድርጅቱ ስም የሚልኩ ሌሎች አገልግሎቶችን መዘንጋት ነው። ለምሳሌ የሆቴሉ አልጋ ማስያዣ ፕሮግራም ወይም ለደንበኞች ዜና መጽሔት የሚያሠራጨው ኩባንያ በዝርዝሩ ካልገባ የሚልከው ሁሉ አጠራጣሪ ይሆናል።

ኤስፒኤፍ የሚመረምረው በፖስታው ላይ ያለውን አድራሻ እንጂ አንባቢው የሚያየውን አይደለም። ከዚህም በላይ ደብዳቤው ከአንድ ሣጥን ወደ ሌላ ሲዛወር የሚደርሰው ከሌላ ሰርቨር ስለሆነ ማረጋገጫው ይቋረጣል።

ዲኪም ይህን ጉድለት የሚሸፍን ማኅተም ነው። ላኪው ሰርቨር እያንዳንዱን ደብዳቤ በምሥጢራዊ ቁልፍ ያትመዋል፤ ማኅተሙን የሚፈታው ይፋ ቁልፍ ደግሞ በዲኤንኤስ ይቀመጣል። ከታተመ በኋላ በደብዳቤው አካል ላይ የሒሳብ ቁጥር ቢለወጥ ማኅተሙ አይገጥምም። በአሁኑ ጊዜ የሚመከረው የቁልፍ ርዝመት 2048 ቢት ነው። ይህን ያህል የሚረዝም ቁልፍ በጽሑፍ መዝገብ ውስጥ ለአንድ ቁራጭ ከተፈቀደው 255 ፊደል ስለሚበልጥ ከፋፍሎ ማስገባት ያስፈልጋል። ሲገለበጥ አንዲት ፊደል ብትጎድል ማኅተሙ ዋጋ ያጣል።

ዲማርክ ሁለቱን ከሚታየው ስም ጋር የሚያስተሳስር ነው። አንባቢው በላኪነት የሚያየው ዶሜይን በኤስፒኤፍ ወይም በዲኪም ከተረጋገጠው ዶሜይን ጋር እንዲገጥም ይጠይቃል። ሳይገጥም ሲቀርም ተቀባዩ ምን እንዲያደርግ ባለቤቱ እንደሚፈልግ ያስታውቃል። ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው፤ ዝም ብሎ መመዝገብ፣ ወደ አይፈለጌ ሣጥን ማስገባት ወይም ከነጭራሹ አለመቀበል።

ከመጀመሪያው ቀን ወደ ሦስተኛው ደረጃ መዝለል የድርጅቱን የራሱን ደብዳቤዎች ሊያስመልስ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ በመዝገቡ ውስጥ የሪፖርት መቀበያ አድራሻ ማስገባት ተገቢ ነው። እንደ ጂሜይልና ያሁ ያሉ ትልልቅ ተቀባዮች በድርጅቱ ስም የትኞቹ ሰርቨሮች ምን ያህል ደብዳቤ እንደላኩ በየጊዜው ሪፖርት ይልካሉ። ለተወሰኑ ሳምንታት ሪፖርቱን ተከታትሎ የተዘነጉትን አገልግሎቶች ካስተካከሉ በኋላ ደረጃውን ከፍ ማድረግ ይቻላል። በመጀመሪያው ደረጃ ለዓመታት የቆየ መዝገብ ግን ሪፖርት ከመሰብሰብ በቀር አታላዩን አያግደውም።

ደብዳቤ የማይላክበት ትርፍ ዶሜይንም ሊዘነጋ አይገባም። ማንንም የማይፈቅድ ኤስፒኤፍና አለመቀበልን የሚያዝ ዲማርክ ቢገባለት ለአታላይ መጠቀሚያ ከመሆን ይድናል።

የአድራሻው ስምና የአገልግሎት ሰጪው ድርሻ

ከሦስቱ መዝገቦች ሌላ ተቀባዮች የሚመረምሩት የተገላቢጦሽ መዝገብ አለ። የተለመደው መዝገብ ከስም ወደ ቁጥር ሲመራ፣ ፒቲአር የተባለው ይህ መዝገብ ከሰርቨሩ የአይፒ ቁጥር ተነሥቶ ስሙን ይናገራል። ከቁጥሩ የተገኘው ስም ተመልሶ ወደዚያው ቁጥር ሊመራ፣ ሰርቨሩ ሰላምታ ሲያቀርብ ከሚጠራው ስም ጋርም ሊስማማ ይገባል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ይህን መዝገብ በራሳቸው ዶሜይን ውስጥ ለማስገባት በመሞከር ነው። መዝገቡ የሚገኘው የቁጥሩ ባለቤት ዘንድ ስለሆነ ቋሚ የአይፒ ቁጥር የተከራየ ድርጅት ጥያቄውን ለኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ማቅረብ ይኖርበታል። ቋሚ ቁጥር በሌለው የቢሮ መስመር ላይ ሰርቨር ተክሎ በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ግን አይመከርም፤ እንዲህ ዓይነት ቁጥሮችን በርካታ ተቀባዮች በጥርጣሬ ይመለከቷቸዋል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ጉዳይ በአንድ ቁጥር የሚወጡት የቢሮው ኮምፒውተሮች በሙሉ ናቸው። አንዱ ኮምፒውተር በቫይረስ ተይዞ አይፈለጌ መልዕክት ቢረጭ ቁጥሩ እንደ ስፓምሐውስ ባሉ የጥቁር መዝገብ አዘጋጆች ዘንድ ይሰፍራል። በዚህም የሌሎቹ ሠራተኞች ደብዳቤ ጭምር ይመለሳል። መከላከያው ከኢ-ሜይል ሰርቨሩ በቀር ማንኛውም ኮምፒውተር በ25 ቁጥር በር ወደ ውጭ እንዳይወጣ መዝጋት ነው። ሠራተኞች በ587 ቁጥር በር፣ በይለፍ ቃል ተረጋግጠው ወደ ሰርቨሩ እንዲልኩ ማድረግ ይቻላል።

የትልልቅ ተቀባዮች መመሪያ

እነዚህ ቅንብሮች ቀደም ሲል በምክር ደረጃ የሚነገሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ወዲህ ግን ጎግልና ያሁ አስገዳጅ አድርገዋቸዋል። ወደ ጂሜይል የሚልክ ማንኛውም ሰርቨር ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም፣ ትክክለኛ የተገላቢጦሽ መዝገብና በቲኤልኤስ የተመሠጠረ ግንኙነት እንዲኖረው ይጠበቃል። በቀን ከ5,000 በላይ መልዕክት የሚልክ ደግሞ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ በአንድነት ሊኖሩት ይገባል። ተቀባዮች «አይፈለጌ» ብለው የሚያመለክቱት መጠንም ከ0 ነጥብ 3 በመቶ ማነስ አለበት። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ተመሳሳይ ግዴታ በብዛት ላኪዎች ላይ ጥሏል።

ያሁ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2014 ጀምሮ በስሙ ከሌላ ሰርቨር የሚላክ ደብዳቤ ተቀባይ እንዳያገኝ አውጇል። ስለዚህ በድረ ገጽ የአስተያየት ቅጽ ላይ የደንበኛውን የያሁ አድራሻ በላኪነት አስገብቶ በድርጅቱ ሰርቨር መላክ አይሠራም። ላኪው የድርጅቱ አድራሻ ሆኖ የደንበኛው አድራሻ በመልስ መስጫው ቦታ መግባት ይኖርበታል።

የሚገባውን ደብዳቤ ማጣራት

እስከዚህ የተገለጸው ከድርጅቱ የሚወጣውን ይመለከታል። የሚገባውን ለማጣራት ስፓምአሳሲን እና አርስፓምዲ የተባሉ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች በስፋት ያገለግላሉ። ስፓምአሳሲን ለእያንዳንዱ አጠራጣሪ ምልክት ነጥብ ሰጥቶ ይደምራል፤ እንደተለመደው ቅንብር ድምሩ 5 ሲደርስ መልዕክቱን አይፈለጌ ይለዋል።

ከልምድ የሚማርበት ክፍል ነጥብ መስጠት የሚጀምረው ግን ቢያንስ 200 አይፈለጌና 200 ትክክለኛ መልዕክቶች ከቀረቡለት በኋላ ነው። ይህ ለአማርኛ ደብዳቤዎች ልዩ ትርጉም አለው። ፕሮግራሙ ይዞት የመጣው ደንብ በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ ጽሑፎች የተወሰደ ስለሆነ የአማርኛውን ደግና ክፉ ለይቶ አያውቅም። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ከተቀበሏቸው ትክክለኛ የአማርኛ ደብዳቤዎችና ከአማርኛ አይፈለጌ መልዕክቶች ሰብስቦ ማስተማር ያስፈልጋል። ባዕድ ፊደላትን በጥርጣሬ የሚያይ ደንብ ከተጫነም የግዕዝ ፊደል ከተፈቀዱት ውስጥ መግባቱ መረጋገጥ አለበት። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከተካተተ ወዲህ የአማርኛን ደብዳቤ በሥዕል መልክ መላክ አስፈላጊ አይደለም። ጽሑፍ የሌለበት ሥዕል ብቻ መላክ በራሱ የጥርጣሬ ነጥብ ያስከትላል።

የጥቁር መዝገብ አጠቃቀምም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ስፓምሐውስን የሚጠይቀው እንደ 8.8.8.8 ባለ የሕዝብ ዲኤንኤስ በኩል ከሆነ መዝገቡ ጥያቄውን አይቀበልም፤ የሚሰጠውም የስሕተት ምልክት ነው። ምልክቱን በትክክል የማይለይ ሰርቨር መልሱን «በጥቁር መዝገብ አለ» ብሎ በመተርጎም ትክክለኛ ደብዳቤዎችን ሁሉ ሊመልስ ይችላል። በመሆኑም ሰርቨሩ የራሱ የዲኤንኤስ ጠያቂ ሊኖረው ይገባል።

የመብራት ወይም የመስመር መቋረጥ ደብዳቤ ያጠፋል በሚል ስጋት ሁለተኛ ተቀባይ ሰርቨር ማቆም የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ላኪ ሰርቨር ተቀባዩን ካላገኘ ለ4 ወይም ለ5 ቀናት እየደጋገመ እንዲሞክር ይጠበቃል። ስለዚህ የአንድ ቀን መቋረጥ ብዙውን ጊዜ ደብዳቤውን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። ከዋናው የላላ ማጣሪያ ያለው ሁለተኛ ሰርቨር ግን አይፈለጌ መልዕክት የሚገባበት የጓሮ በር ይሆናል።

የሕግ ድንጋጌ

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 አይፈለጌ መልዕክት ማሰራጨትን በወንጀልነት ደንግጓል። ከተቀባዩ አስቀድሞ ፈቃድ ሳያገኝ ምርት ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ ኢ-ሜይል የሚያሰራጭ ከሦስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እሥራትና ከ30 ሺህ ብር በማይበልጥ መቀጮ ሊቀጣ እንደሚችል አስቀምጧል። አዋጁ ማስታወቂያ ወንጀል የማይሆንባቸውን ሁኔታዎችም ዘርዝሯል። ከእነዚህም መካከል የተቀባዩ ፈቃድ መኖርና የላኪውን ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ ከቀላል ማቋረጫ መንገድ ጋር መግለጽ ይገኙባቸዋል። የደንበኞችን አድራሻ ከሦስተኛ ወገን ገዝቶ በጅምላ መላክ እንግዲህ የሰርቨሩን ስም ከማጉደፍ አልፎ በሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል።

የሥራው ቅደም ተከተል

ሥራውን የሚጀምር ድርጅት አስቀድሞ በስሙ ደብዳቤ የሚልኩትን ሁሉ በዝርዝር ይመዝግብ። ቀጥሎ የተገላቢጦሽ መዝገቡን ከአገልግሎት ሰጪው ያስተካክል፤ ኤስፒኤፍን ያስገባ፤ ዲኪምን ይትከል፤ ዲማርክንም በመመዝገብ ደረጃ ይጀምር። መዝገቦችን ከመቀየሩ በፊት የመቆያ ጊዜያቸውን ማሳጠር ስሕተት ቢገኝ ፈጥኖ ለማረም ይረዳል። በመጨረሻም ወደ ጂሜይልና ወደ ያሁ የሙከራ ደብዳቤ ልኮ በደብዳቤው ራስጌ ላይ ሦስቱም ማረጋገጫዎች ማለፋቸውን ይመልከት።

እነዚህ ሁሉ ቢሟሉም የማይከላከሏቸው ነገሮች እንዳሉ መታወቅ አለበት። አንድ ፊደል ብቻ ለውጦ ተመሳሳይ ዶሜይን የሚያስመዘግብ አታላይ የራሱን መዝገቦች አሟልቶ ሊመጣ ይችላል። የይለፍ ቃሉ የተሰረቀ ሠራተኛ ሣጥንም ከእውነተኛው ሰርቨር እውነተኛ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያወጣል። ስለሆነም የባንክ ሒሳብ መቀየሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ሲደርስ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በስልክ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የሚደወለውም በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን አስቀድሞ በድርጅቱ ፋይል በሚገኘው ቁጥር ሊሆን ይገባል።